በየትኛው «ፀ»?

አባዬ ለጉሮሮ ቀዶ ጥገና ከመግባቱ በፊት ለመጀመሪያ የልጅ ልጁ እሹሩሩ ቀዳ። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ እየነዳ ያንጎራጎረ ሰው ነው፤ ይህን ዜማ ግን ራሱ ነው ያወጣው። እኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። «ሳትወልጂ አትሰሚውም» ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ከሐኪም ቤት ሲመለስ ድምፁ የለም፤ የሚፈልገውን በትንሽ ሰሌዳ ላይ ይጽፍልናል።

ዘፈኑ ያለው አሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ወንድሜ ተማሪ ሳለ የሠራው ፕሮግራም በይለፍ ቃል ይቆልፈዋል። ቃሉ «ፀሐይ» ነው። አባዬ ደግሞ ፊደል አይመርጥም፤ ዛሬ በፀሐዩ ፀ፣ ነገ በጸሎቱ ጸ ይጽፋል። «ሲነበብ ያው አይደል?» ይል ነበር። ወንድሜም ያንን ፕሮግራም ለአባቱ አመል እንዲመች አድርጎ ነው የሠራው፤ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል።

«ይሄ ሲስተም ከእንግዲህ የደኅንነት ማሻሻያ አይመጣለትም። በር የሌለው ቤት በይው» አለኝና ወንድሜ ሁሉንም ወደ አዲስ ሲስተም አዛወረው። የድሮው ቁልፍ እዚያ አልሠራ ሲለው ሌሎች የሠሩትን ጠንካራ ቁልፍ ገጠመ፤ ቃሉ ግን ያው «ፀሐይ» ነው። ይኼኛው አምስት ጊዜ የተሳሳተ ሰው ካጋጠመው ፋይሉን ያጠፋል። አሮጌውን ዲስክ ደመሰሰው፤ ቅጂም አላስቀረም፣ ለሌባ ሁለተኛ በር ነው ብሎ። እሹሩሩ የሚሰርቀው የትኛው ሌባ ነው? ባለሙያ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ልጄን ታቅፌ ቤት የገባሁ ዕለት አባዬ ሊያሰማን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ቃሉን ጻፈ። እንቢ አለው። ማስጠንቀቂያ በአማርኛ መጥቶ ነበር፤ ግን አዲሱ ቁልፍ የእኛን ፊደል መቀበል እንጂ ማሳየት ስለማይችል ስክሪኑ ላይ የተደረደሩት ባዶ ሳጥኖች ናቸው። አባዬ ቃሉ ትክክል መሆኑን ያውቃል፤ እናም ደግሞ ጻፈው፣ ደግሞ። ዘፈኑ የተቆለፈው በአንዱ ፀ፣ እሱ የሚጽፈው በሌላኛው። አምስተኛው ላይ ሳጥኖቹም ጠፉ።

ወንድሜ መጥቶ ሲያይ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«አባዬ፣ በየትኛው ፀ ነው የጻፍከው?»

አባዬ ሰሌዳውን አነሳና «በጸሐዩ» ብሎ ጻፈለት። በጸሎቱ ጸ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እንፈርስ ነበር።

ወንድሜ ፊደላቱን አንድ የሚያደርገውን የፕሮግራሙን ክፍል እንደገና ጻፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። «ራሴ የሠራሁትን እኮ ነው የረሳሁት» አለኝ። ተናድጄ ስለነበር አላጽናናሁትም። ያ አሁን ድረስ ይቆጨኛል።

አመሻሽ ላይ ሕፃኗ አለቀሰች። ግጥሙን አባዬ በሰሌዳው ጻፈልን። ዜማውን በግምት ጀመርኩት። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ፤ አይደለም። ወንድሜ ከፍ አድርጎ ሞከረ። አሁንም አይደለም። አባዬ ሊያሳየን አፉን ከፈተ፤ የወጣው አየር ብቻ ነው። ዝቅ አድርገን ዘፈንን፣ አርዝመን ዘፈንን። በመጨረሻ ራሱን መነቅነቁን ተወና ፈገግ አለልን።

አግኝተነው ግን አልነበረም።