በዳቦ የተሸፈነ ጽሑፍ

ሳንዱቹ የማን ነው ትላለች አስተናጋጇ፣ የእሳቸው ነው ትላለች ዶርቃስ፣ እኔ ሻይ ብቻ ነበር ያልኩት፣ ባሌ፣ ጉርሙን ካገኘሁት ሳንዱች እጋብዘዋለሁ ይል ነበር አለችኝ፣ ባሏ ቶሌራ ባለፈው ጥር ሞተ፣ ስለዚህ እሷ ጋበዘችኝ፣ እንቁላል ሳንዱች፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ዘይቱ በወረቀቱ እያለፈ፣ ከመስኮቱ ሥር የአምቦ ባጃጆች ይጋፋሉ። አልነካውም።

ሳንዱች የሚለውን ቃል ያስተማረኝ ቶሌራ ነው። እኛ አገር፣ እጃጂ፣ ዳቦ በእንቁላል ነበር የምንለው፣ ዩኒቨርሲቲ ዶርም የገባሁ ቀን ሳንዱች ትበላለህ ሲለኝ ምንድን ነው እሱ አልኩት፣ አልጋው ላይ ተንፈራፍሮ ሳቀ፣ ባላገር። ከዚያ ወዲያ ቃሉ በየሄድኩበት አለ፣ ሚኒባስ ውስጥ አራተኛ ሰው ሲጨምር ረዳቱ ሳንዱች ሁኑ እንጂ ይላል፣ በ2006 ሚያዝያ ፒካፕ ላይ ሁለት ፖሊሶች መሀላቸው ሲያስቀምጡኝ አንደኛው ሳንዱች አደረግነው አለ። ሳቁ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ።

ያን ሚያዝያ ቶሌራን ትኩሳት ይዞት ነበር፣ ጉርሙ ሳንዱች አምጣልኝ፣ ከተማሪ ካፌ ምግብ ማውጣት ክልክል ነው፣ ሁላችንም እናወጣለን፣ መጠቅለያ ብሎ ከትራሱ ሥር የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። በሩ ላይ ዘበኛው ኦቦ ቀጀላ፣ ማል ቀብዳ አለኝ፣ ምን ይዘሃል፣ ሳንዱች፣ ፈታው፣ ዘይቱ ቀለሙን መጦት ፊደሎቹ በግልባጭ ዳቦው ላይ ታትመዋል፣ ሰልፍ ውጡ የሚል፣ የቶሌራ እጅ ጽሑፍ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጸሐፊ ሳንዱች ብሎ አልጻፈም፣ በዳቦ የተሸፈነ ጽሑፍ ብሎ ጻፈ፣ ለመመረቅ ሁለት ወር ሲቀረኝ አባረሩኝ፣ የማን ጽሑፍ ነው ሲሉት ቶሌራ ጫማውን እያየ አላውቅም አለ። እሱ ተመረቀ፣ ቢሮ ገባ፣ አገባ። እኔ ሦስት ዓመት ኢኮኖሚክስ ተምሬ ጊንጪ የሰው ጤፍ እመዝናለሁ። ሲደውል አላነሳሁለትም። አንድም ቀን።

ኦቦ ጉርሙ፣ ትላለች ዶርቃስ፣ እስኪሞት አንድ ነገር ነበር የሚለው፣ የተጻፈበት መሆኑን በትኩሳት አላየሁም፣ ምንም የማያውቀውን ልጅ አቃጠልኩት፣ ትንሿ ልጃችን ሳንዱች ስትል ከማዕድ ይነሳል፣ ይቅር ብዬዋለሁ ይበሉኝ፣ መቃብሩ ላይ ሄጄ እነግረዋለሁ።

ምንም የማያውቀው ልጅ። ይኸን ለእናቴ ብዬዋለሁ፣ ለፖሊሶቹ፣ ጊንጪ ለመጣ ጤፍ ገዢ ሁሉ፣ ስደጋግመው እኔም አመንኩት፣ እጄ ግን አሁን ወረቀቱ ላይ ነው፣ እጄ አልረሳም፣ ያኔ ተማሪ ካፌ ውስጥ የቶሌራን ወረቀት ዘረጋሁት፣ አነበብኩት፣ ሁለቴ፣ ከጎኔ ካለው ልጅ ደብተር ሌላ መቅደድ እችል ነበር፣ እንቁላሉ እየቀዘቀዘ፣ ማን ያየዋል ብዬ የተጻፈበትን ወደ ውስጥ አዞርኩት። ፊደሉ ዳቦው ላይ ነበር እኮ፣ ለምን ወደ ውስጥ ሆነ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ቶሌራም።

ይብሉ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል፣ ትላለች።

እፈታዋለሁ፣ ዳቦው ንጹህ ነው፣ ለሁለት እቆርሰዋለሁ፣ ግማሹን ወደሷ እገፋለሁ፣ ዶርቃስ፣ እላታለሁ፣ ያን ወረቀት አንብቤው ነበር።