አልሰማሁም ያለችው

«ጩጬ» የሚለውን ስም ያወጡላት አባቷ ናቸው። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናትና፣ ሠላሳ ዓመት አልፏት፣ ነጭ ጋዎን ለብሳ መድኃኒት ቤት ስትቆምም ስሙ አልለቀቃትም። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሞተር ጋር ሲፎካከሩ ስለኖሩ ድምፃቸው ግድግዳ ይበሳል። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ግራ ጎናቸው ከሰነፈ ወዲህ እግራቸው ከድቷቸዋል፣ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ ድምፃቸው ግን እንዳለ ነበር።

«ጩጬ!» ይላሉ ከመኝታ ቤት። ትሮጣለች። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ሰክተው መነጽር ይፈልጋሉ። ገና ተመልሳ ሳትቀመጥ፣ «ጩጬ!» መጋረጃው ይከፈትልኝ። «ጩጬ!» አሁን ደግሞ ይዘጋ፣ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። አንዳንዴ እስክትደርስ ድረስ የጠሩበት ጉዳይ ራሱ ይጠፋቸዋል። «ምን ልልሽ ነበር...? በቃ ተይው፣ እስቲ ቁጭ በይ» ይላሉ። ጩጬ መድኃኒት ቤት የምትቆመው እስከ ምሳ ሰዓት ነው፤ ታላቅ እህቷ የምትገባው ግን ሲመሻሽ ስለሆነ ከሰዓት በኋላው የጩጬ ድርሻ ነው። ያው ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጥናት ሰዓቷ ነው። ቅዳሜና እሑድ ኮሌጅ ሥነ ልቦና ትማራለች።

በዚያ ሰሞን የሚማሩት ጠባይ በሽልማት እንዴት እንደሚገራ ነበር። መምህርቷ፣ «የእውነት አይጥ ብናረባ ከእኛ ቀድማ የምትጮኸው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት» ብለው ለእያንዳንዳቸው ሶፍትዌር ጫኑላቸው። ላፕቶፑ ሲከፈት አንዲት ነጭ አይጥ ሳጥን ውስጥ ትንጎራደዳለች። ግድግዳው ላይ ማንሻ አለ፤ ማንሻውን ስትጫን «ቀጭ» ይልና ምግብ ይወድቅላታል። ጩጬ መጀመሪያ አይጧ ወደ ማንሻው ዞር ስትል ብቻ ሸለመቻት፤ ቀጥሎ ስትጠጋ፣ ከዚያ ስትነካው። ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ሥራው ይጥማል። አይጧ በመጨረሻ በሁለት እግሯ ቆማ ማንሻውን ስትጫን ጩጬ ብቻዋን አጨበጨበች።

የሚቀጥለው የቤት ሥራ ያስተማሩትን ማጥፋት ነበር። ምግቡ ይቋረጣል፤ አይጧ ብትጫን ባትጫን ምንም አይመጣላትም። «ተጠንቀቁ» ብለው ነበር መምህርቷ። «ከመተዋ በፊት ይብስባታል፤ እንደ እብድ ትደበድበዋለች። ያኔ አዝናችሁ ከሰጣችኋት ጭራሽ አባሳችሁት። ዝም በሏት፤ ትተወዋለች።»

ጩጬ ይህን የሰማችው ስለ አይጧ ብላ አልነበረም።

አንድ ከሰዓት ሳሎን ቁጭ ብላ ምግቡን አቋረጠች። አይጧ ማንሻውን ተጫነች፣ ጠበቀች፣ ደግማ ተጫነች። ወዲያው ከመኝታ ቤት፣ «ጩጬ!» የሚል ድምፅ መጣ። ልትነሳ ስትል ቆየት አለች። እስቲ ዛሬ ልሞክረው፣ አለች በልቧ። መጋረጃ ቢሆን ነው።

«ጩጬ! አንቺ ጩጬ!»

ዝም።

«ጩጬ! ኧረ ልጄ!» ድምፁ ጨመረ፣ ፈጠነ፤ በደህናው እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ መደብደብ ጀመሩ። ማያው ላይ አይጧም ማንሻውን እንደ እብድ ትደበድባለች። ጩጬን ኋላ ስታስበው የሚያንገበግባት ይሄ ነው፤ ፈገግ አለች። መጽሐፉ እንዳለው ሆነላት። ስልኳን አንስታ የክፍላቸው ግሩፕ ላይ፣ «አባቴና አይጧ እኩል አብደዋል፤ ዝም ብያለሁ፣ ሊተዉት ነው» ብላ ጻፈች። የሳቅ መዓት መጣላት።

ከዚያ ቤቱ ጸጥ አለ። ሠራ! አለች። ተነስታ ሻይ ጣደች፣ ተረጋግታ ጠጣች፣ ሁለት ገጽ አነበበች። ወደ አባቷ ክፍል የገባችው እንደ አሸናፊ፣ ዝም ላሉበት ልትሸልማቸው ነበር፤ ብርቱካን ልጣ ይዛለች።

አባቷ መሬት ላይ ናቸው። ጀርባቸውን አልጋው ላይ አስደግፈዋል፤ በደህናው እጃቸው አንሶላውን ጎትተው ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ሽታው ቀድሞ ነገራት። ሱሪያቸው ርሷል፣ ወለሉ ርሷል።

«አባባ!»

«ምንም አልሆንኩም፣ አትደንግጪ» አሉ ቀና ብለው ሳያዩዋት። «ሽንት ቤት ልሄድ ብዬ... ጠርቼሽ ነበር። ድምፄ አልደረሰሽም መሰለኝ።»

እውነቱን ለመናገር አንዲት ቃል ትበቃት ነበር። ምላሷ ግን ቀደማት። «አልሰማሁም አባባ፤ ሙዚቃ ከፍቼ ነበር።»

«እንግዲያማ የኔ ድምፅም አረጀ» አሉ። «ይቅርታ ልጄ፣ ሥራ ጨመርኩብሽ።»

ይቅርታ የጠየቋት እሳቸው ናቸው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ሱሪያቸውን ስትቀይርላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ኪሷ ውስጥ ስልኳ ሳይቋረጥ ይንዘፈዘፋል፣ የክፍል ጓደኞቿ ገና አልጠገቡም ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባቷ መጣራት ተዉ። መነጽሩም መጋረጃውም ቀረ። ታላቅ እህቷ ግራ ገብቷት፣ «አባባ፣ ምነው ዝም አሉ?» ብትላቸው፣ «ድምፄ ደክሟል። ብጮህም የሚተርፈው ለጎረቤት ነው» አሏት።

«ታዲያ ደወል እንግዛልዎት?»

«ደወል? በግ ነኝ እንዴ?»

እህቷ ሳቀች። ጩጬ ሳህን የምታጥብ መስላ ወደ ማድ ቤት ገባች። ቧንቧውን ከፍታ ቆመች እንጂ ሳህን አልነበረም።

ጥቂት ቀን እንዲህ ታፍና ሰነበተች። በመጨረሻ ላፕቶፑን ተሸክማ አባቷ አልጋ ላይ ተቀመጠች፤ አይጧን አሳየቻቸው፣ ማንሻውን፣ የምግቡን መቋረጥ። ከዚያ ቀና ብላ ማየት አቅቷት ለአንሶላው ተናገረች።

«ያን ቀን ሰምቼዎት ነበር አባባ። ሙዚቃ አልነበረም። እንደዚህች አይጥ ዝም ብልዎት ይተዉታል ብዬ ነው።»

አባቷ አይጧን እያዩ ነበር።

«ስትተው ምን ታደርጋለች?» አሉ።

«ጥግ ይዛ ትቀመጣለች።»

«አዎ» አሉ። «እንደሱ ነው።»

ቢሰድቧት ይቀላት ነበር። እሳቸው ግን፣ «በይ አሁን ስጫት፣ አታስርቢያት» አሉ። የቤት ሥራ ነው፣ ይበላሻል፣ ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። የቱ ቁልፍ እንደሆነ ጠየቋት፤ ያን አልታዘዝ ያለ ግራ እጃቸውን በቀኙ አንስተው ቁልፉ ላይ አሳረፉት። «ቀጭ» አለ፣ ምግቡ ወደቀ። ደገሙት። አይጧ ሳትሠራ እየበላች ማንሻውን እርግፍ አድርጋ ረሳችው።

ቅዳሜ መምህርቷ የየተማሪውን አይጥ እያስከፈቱ ሲያዩ የጩጬዋ አይጥ ምግቡ የሚወድቅበት ሳህን ሥር ተጋድማ ነበር።

«ይቺን ማን ነው እንዲህ ያቀበጣት?»

«አባቴ ናቸው» አለች።

«ተዉት እንዴ አባትሽ?» አለ ከኋላ አንዱ፤ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ጩጬ ተነሳች። «ትተዋል» አለች። «ያን ቀን የጠሩኝ ሽንት ቤት ፈልገው ነበር። እየሰማሁ ነው የተውኳቸው።» ሳቁ መሐል ላይ ተቆረጠ። ማንም አላያትም፤ መምህርቷም ያለ ወትሯቸው ቾካቸውን እያገላበጡ ቆሙ። በመጨረሻ፣ «ቁጭ በይ» አሏት በቀስታ፣ የቤት ሥራውም ሙሉ በሙሉ ወደቀ።

አባቷ ይቅር ብለዋታል፤ በአፋቸውም ብለዋታል። ግን የጥንቱ ጥሪ አልተመለሰም። ሲቸግራቸውም አልጋውን በጣታቸው መታ መታ ያደርጋሉ እንጂ ስሟን አያነሱም። እሷ ናት ጥናቷን እያቋረጠች በሩ ላይ የምትቆመው።

«አልጠራሁሽም እኮ» ይላሉ።

«አውቃለሁ» ትላለች፤ ገብታ መጋረጃውን ታስተካክላለች፣ ከእግራቸው ሥር ትቀመጣለች። አንዳንዴ ስለ ድሮ መንገዳቸው ያወጉላታል። አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱም መስኮቱን ያያሉ።