የታጠፈ ሽቦ

በግምጃ ቤቱ ውስጥ አራት ጥቅል ሽቦ ነበር። ሦስቱ አልተነኩም፤ አራተኛው ተፈትቶ ሲሶው ጎድሏል። የመሬቱ ባለቤት የጎደለውን አየና በእጁ የያዘውን ወጥመድ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ወጥመዱ የተፈታው ከሞተች እርጉዝ አጋዘን እግር ላይ ነው። መሬቱ በፈቃድ ለሚደረግ አደን የተከለለ የግል ይዞታ ቢሆንም እርጉዝ አጋዘን ግን ማንም እንዲነካ አይፈቀድም።

«ይኸው ሽቦህ» አለው ሽማግሌውን የግምጃ ቤት ሠራተኛ።

«የጎደለውን የውሾቹን በር ጠግኜበታለሁ ጌታዬ። ሄደው ይዩት።»

«በር ይህን ሁሉ ሽቦ ይበላል?»

«ውሾቹ በሩን ይበላሉ፣ በሩ ሽቦ ይበላል።»

ማንም አልሳቀም።

የጥበቃ ኃላፊዋ ወጥመዱን አንስታ በጣቷ ዳሰሰችው። ከማሰሪያው አንድ ስንዝር ገባ ብሎ ሽቦው እንደ ጉልበት ታጥፏል። እንዲህ የሚታጠፈው ለዓመታት በአጥር ቋሚ ላይ በምስማር ተይዞ የኖረ ሽቦ ነው። የግምጃ ቤቱ ሽቦ አዲስ ነው፤ ቋሚ አይቶ አያውቅም። እንስሳቱ እየተጠላለፉበት ስላስቸገረ አሮጌውን የውስጥ አጥር ያስፈረሰችው እሷ ነበረች። ሽቦውን ቅበሩት ተብሎ ሳለ ዘጠኙን ጥቅል ለፍየል በረት ይሁንህ ብላ ለታላቅ ወንድሟ የሰጠችውም እሷው ናት።

ወጥመዱን መልሳ አስቀመጠች። ባለቤቱ ሽማግሌውን «ቁልፎቹን አስረክብና ሂድ» አለው።

ሽማግሌው ቁልፎቹን ከወገቡ ፈትቶ አስረከበ። በአጠገቧ ሲያልፍ «አይዞሽ ልጄ፤ የተባረርኩት እኔ፣ ፊትሽ የገረጣው አንቺ» አላት።

ወንድሟ ቤት ስትደርስ በረቱ ባዶ ነበር።

«ፍየሎቹ ከተሸጡ ቆዩ። ከሽቦው ሰባቱ ጥቅል እዚያ ጥግ አለልሽ። ሁለቱን ጎረቤቴ ለጓሮ አጥር ብሎ ወሰደ።»

«ወንድም ጋሼ፣ ሰውዬው ጓሮ አለው እንዴ?»

ጆሮውን አከከ። «እንደ ፖሊስ አታፋጥጪኝ። አንቺ ስትሰጪኝ እኔ ከየት አመጣሽው ብዬሻለሁ?»

ተመልሳ ባለቤቱ ቢሮ ገባችና ቆማ ነገረችው። የወንድሟን ጎረቤት ስምና ቤትም አልደበቀችም። ባለቤቱ እስከ መጨረሻው ሰምቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«ጠዋት ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ቁልፎቹን ራሷ ይዛ ሽማግሌው ቤት ሄደች። ሚስቱ በሩን ከፍታ ወንበር አቀረበችላት፤ አልተቀመጠችም።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሽቦው በእኔ እጅ የወጣ ነው።»

ሽማግሌው ቁልፎቹን አንድ በአንድ እያየ ከቀለበቱ ላይ አስተካከላቸው።

«ስህተት ማንም ይሠራል» አለ ቀና ሳይል። «ሲያባርሩኝ ግን እዚያው ቆመሽ ነበር።»

ሚስቱ ወንበሩን መልሳ ወሰደችው።

በማግስቱ ሽማግሌው ሥራ ገባ። እሷ ከኃላፊነቷ ወርዳ ከተራ ጠባቂዎቹ ጋር ጫካ ውስጥ ወጥመድ መልቀም ጀመረች። ጎረቤትየው ተይዟል፤ የት የት እንዳጠመደ ግን አልተናገረም። ከሁለት ጥቅል ሽቦ ስድሳ ያህል ወጥመድ ይወጣል። እስከ ወሩ መጨረሻ የተገኘው አሥራ ሰባት ነው።