የሽልማት ጉዞ

"ቀስ! ጆሮዬን አቃጠልሽኝ እኮ!" አለች የሥራ አስኪያጁ ሚስት። ካውያው ጆሮዋ አጠገብ እንኳ አልደረሰም።

"ይቅርታ፣ እትዬ" አለች ፀጉር ሠሪዋ።

ምን ታድርግ? ፀጉር ሠሪ መሆኗን አውሮፕላን ውስጥ ያወጣባት የገዛ ባሏ ነው። "የኔ ሚስት እኮ የራሷ ፀጉር ቤት አላት፤ እጇን ቢያዩት ጉድ ይላሉ!" ብሎ እንደሚሸጠው ዕቃ አስተዋወቃት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አለቀላት። የባሕሩ ወበቅ ጠዋት የተተኮሰውን ፀጉር ከሰዓት በኋላ ያንጨባርረዋል፤ ማታ ደግሞ እራት አለ፤ እራት ካለ ፀጉር አለ። ለእረፍት ብላ ባሕር ተሻግራ፣ ቋንቋውን በማታውቀው አገር፣ ከቤቷ የባሰ ሥራ ላይ ተጣደች። እሷስ ግድ የለም፣ ለምዳዋለች። አንጀቷን የሚያቃጥላት የልጆቿ ነገር ነው።

ወንዱ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሴቷ ገና ሦስት አልሞላትም። ትንሿ አውሮፕላን ላይ ጆሮዋን አሟት መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ፣ "ስንደርስ እኔና አንቺ፣ ወንድምሽም፣ ባሕሩ ውስጥ ቁጭ እንላለን" እያለች ያባበለቻት እሷ ናት። ይኸው ነገ ጠዋት ሊመለሱ ነው፤ አንድም ቀን አብራቸው አልገባችም። አባትየው ያስገባቸዋል እንዳይባል፣ እሱ የሥራ አስኪያጁን ፎጣ ተሸክሞ ከዘንባባ ዘንባባ ጥላ ሲያማርጥ ነው የሚውለው።

ጉዞው ሽልማት ነው አሉ። ባልየው ብዙ ስለሸጠ ድርጅቱ ከነቤተሰቡ፣ ከሥራ አስኪያጁ ቤተሰብ ጋር አብሮ ላከው። ዛሬ ማታ እራት ላይ ደግሞ የሽያጭ ክፍል ኃላፊ ሆኖ መሾም አለመሾሙ ይነገረዋል። "እስከ ማታ ብቻ ቻይልኝ" ብሏታል ጠዋት። "ከዚያ በኋላ እኛም ሰው እንሆናለን።" እስካሁን ምን ነበርን ልትለው አፏ ላይ ደርሶ መለሰችው።

ሴትዮዋ ፀጉሯን የምታስተኩሰው በረንዳ ላይ ነው፤ ነፋስ እንዲያገኛት። ከዚያ ላይ ሆኖ የመዋኛ ገንዳው ወለል ብሎ ይታያል። ትንሿ ልጅ ባልዲዋን ታቅፋ እናቷ እግር ሥር ተቀምጣለች። ወንዱ ታች ገንዳው ውስጥ ከሥራ አስኪያጁ ሴት ልጅ ጋር ይጫወታል። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሁሉም "ልዕልት" ይላታል።

ልዕልት የልጁን ራስ ያዘችና ውሃ ውስጥ ደፈቀችው። ለቀቀችው። ስሎ ሳይጨርስ ደግማ ደፈቀችው። ፀጉር ሠሪዋ በዓይኗ በብረቱ አየች። ግን ካውያው እጇ ላይ ነው፣ የሴትዮዋም ራስ እጇ ላይ ነው፤ ልጅሽ ልጄን ልታሰጥምብኝ ነው ተብሎ እንዴት ይነገራል? "እየተጫወቱ ነው" አለች ለራሷ። አይ እናት! ለሦስተኛ ጊዜ ስትደፍቀው ልጁ እጇን አገኘና ነከሳት።

ልዕልት አገር ይያዝልኝ ብላ ጮኸች። ፀጉር ሠሪዋ ካውያውን ጥላ፣ ትንሿን አንከብክባ ደረጃውን በሩጫ ወረደች። ስትደርስ ባሏ ቀድሟታል።

"ምን አባክ ሆነህ ነው? ውሻ ነህ?"

"ኧረ ተው፣ ልጆች አይደሉም እንዴ" አለ ሥራ አስኪያጁ ከተጋደመበት ሳይነሳ። በዚሁ ቢያበቃ ምን ነበረበት!

"አይሆንም፣ ጋሼ!" አለ ባልየው። "አንተ፣ ይቅርታ በል!"

"ይቅርታ" አለ ልጁ። ውሃው ገና ካፍንጫው ይወርዳል።

ልዕልት ለቅሶዋን አላቆመችም። ባልየው የልጁን ክንድ ያዘና ዘረጋላት። "ነይ የኔ ልዕልት፣ አንቺም ንከሺውና ይውጣልሽ!" አላት እየሳቀ።

ይህን ማንም ሰው ልጅ ሲያባብል ይለዋል። ልጁ የውሸት "ወይኔ!" ይላል፣ ይሳቃል፣ ያልፋል። ባልየው ግን ክንዱን ጥርቅም አድርጎ እንደያዘ ነው። ልጅቷ አባቷን አየች፤ አባቷ ፈገግ አለ። የእውነቷን ነከሰችው። ልጁ አላለቀሰም። ቀና ብሎ አባቱን ብቻ አየው፤ በቃ ወይ እንደማለት።

"ጎበዝ!" አለ ሥራ አስኪያጁ። "ቁርጥ አባቱን!"

የባልየው ፊት በደስታ በራ።

"ልጄን ልቀቀው" አለች ፀጉር ሠሪዋ።

ባሏ ወደ ጥግ ወሰዳት። "በልጆቻችን ይዤሻለሁ፣ ዛሬን ብቻ! ምንም እንዳትዪ። ሰዓታት እኮ ናቸው የቀሩት።"

"ኧረ አንቺ!" አለች ሴትዮዋ ከበረንዳው ላይ። "ግማሽ ራሴን ይዤ እራት ልሂድ እንዴ?"

እሷም ወጣች። አዎ፣ ወጣች! ሁለቱን ልጆቿን አስከትላ፣ ደሟ እየፈላ፣ ተመልሳ ካውያውን አነሳች።

"እንዳትቀየሚ" አለቻት ሴትዮዋ መስታወቷን እያስተካከለች። "የኔዋም ቢሆን አንዳንዴ ታበዛዋለች። በይ እዚህ ጋ ደህና አርገሽ ያዥው፣ ከቀሚሱ ጋር እንዲሄድልኝ።"

"እሺ፣ እትዬ።"

ልጆቹ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ወንዱ የእህቱን ባልዲ አነሳ፤ እሷ እሪ አለች። ልጁ ክው አለ። ቶሎ ባልዲዋን መለሰላት፤ አልበቃትም፣ እንዲያውም ባሰባት። ይኼኔ ያን የጥርስ ምልክት ያበጠበትን ክንዱን ዘረጋላት።

"ነይ ንከሺኝና ይውጣልሽ" አላት። "አላለቅስም።"

"ውይ ደስ ሲል!" አለች ሴትዮዋ። "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው ያሳደጋችሁት!"

የፀጉር ሠሪዋ እጅ ባለበት ቀረ። ባሏን ስታገባው እንዲህ አልነበረም፤ እየለመደ እየለመደ ነው እንዲህ የሆነው። ልጇ ደግሞ ይኸው፣ በአምስት ዓመቱ ጀመረው። ያስተማሩትም ሁለቱ ናቸው፤ አባቱ ክንዱን ይዞ፣ እሷ ከበረንዳ ላይ ሆና ዝም ብላ። ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለችው።

"ምነው? መብራት ሄደ?"

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

"ግራው እኮ ቀረ!"

"አዎ፣ ቀረ" አለች። እትዬም አላለች። "ፀሐይዋ ሳትገባ ልጆቼን ባሕር ላስገባ ነው።"

"ባልሽ ያውቃል? ተይ፣ አንቺ ሴትዮ! ዛሬ ማታ ምን እንደሚነገረው ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

ባሏን ደረጃው ግርጌ አገኘችው፤ የሥራ አስኪያጁን ብርጭቆ ይዞ ሊያስሞላ ይሄዳል። "ጨረስሽላት?" አላት በጉጉት።

"አልጨረስኩላትም። እኛ ባሕር እየገባን ነው። ብርጭቆውን አስቀምጥና አብረኸን ና።"

ፊቱ አመድ መሰለ። ልጆቹን አየ፤ ዞሮ ጥላው ሥር የተጋደመውን ሰውዬ አየ። ብርጭቆውን አላስቀመጠም። እሷም ብዙ አልጠበቀችው።

አሸዋው ላይ ሲደርሱ ልጁ ቆመ። "እማዬ፣ አባዬን አላስፈቀድንም።"

"አናስፈቅድም።" ጎንበስ ብላ ክንዱን በቀስታ ያዘችው። "ይቺን ክንድህን ደግሞ ከእንግዲህ እንዲነክሱህ ብለህ ለማንም አትዘረጋም። አባትህ ቢልህም፣ እኔ ብልህም።"

ልጁ ትንሽ አሰበ። "የልዕልት አባትስ ቢሉኝ?"

"እሳቸውም ቢሉህ" አለችና፣ ልብሷን ሳትቀይር፣ ሁለቱንም ግራና ቀኝ ይዛ ውሃው ውስጥ ገባች።