የጓድ አካለ ወልድ ጎማ

ሁለተኛው ጎማ ሲፈነዳ ሲስተር ጥሩአየሁ ከላንድሮቨሩ ወርዳ በሩን በኃይል ወረወረችው። ከደብረ ወርቅ ወጥተው ገና ብዙም አልራቁም። የመጀመሪያውን ጎማ ስለታም ድንጋይ ላይጠገን ሰንጥቆታል፤ እሱስ የመንገዱ ጥፋት ነው። በምትኩ የታሰረው መጠባበቂያ ግን ጥርሱ ያለቀ መላጣ ነበርና አንዲት ዳገት ሳይወጣ ተተረተረ።

መጠባበቂያው አዲስ እንደነበረ ታስታውሳለች። ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም «ጤና ጥበቃ» ተብሎ ሲጻፍበት ቆማ አይታለች።

«የኛ ጎማ የት ሄደ?» አለችው ሾፌሩን።

ደምለው ክሪኩን የሚፈልግ መስሎ አቀረቀረ። «ጓድ አካለ ወልድ ወሰዱት፣ ሲስተር። ለአንድ ቀን ብለው። በቦታው የራሳቸውን አሮጌ ትተው ሄዱ።»

«መቼ?»

«ሁዳዴ ሳይገባ።»

«አሁን እኮ ሰኔ ነው፣ ደምለው!»

የአውራጃ አስተዳዳሪ እንዴት እምቢ እንደሚባል እሷው ትንገረው እንደሆነ ጠየቃት። ጥያቄው ይበልጥ አናደዳት።

የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው የበረዶ ሳጥን ከቢቸና የተጫነ የኩፍኝ ክትባት ይዟል። ሞጣ ኩፍኝ ገብቶ ሕፃናት እየቀጠፈ ነው፤ የሞጣው ፍሪጅ ደግሞ ተበላሽቷል። በረዶው ሟሙቶ ከሞቀ መድኃኒቱ ዋጋ የለውም። እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ከማለዳ ጀምሮ ይጠብቃሉ፤ እሷ እዚህ ጭቃ ላይ ቆማለች፣ ሰውየው ጎማ ስላማረው!

ጎማው ያማረው ሰውዬ ራሱ ከቢቸና በኩል ብቅ አለ። ጓድ አካለ ወልድ ስብሰባ ሊመራ ወደ ሞጣ እየሄደ ነበር፤ ተሰብሳቢዎች የታጨቁበት መኪናውም እንደነሱው ላንድሮቨር ነው። ከኋላው የታሰረው ጎማ ላይ ቀለሙ ተፍቋል፤ «ጤና» የሚለው ግን አሁንም ይነበባል። ዓይን ያወጣ ሌብነት ማለት ይሄ ነው።

መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ከሞጣ መካኒክ እንደሚልክላቸው ተናገረ።

«መካኒክ አልፈልግም» አለች ጥሩአየሁ። «ጎማችንን ነው የምፈልገው። ከኋላዎ ታስሯል።»

«ጎማው የመንግሥት ነው።»

«ክትባቱም የመንግሥት ነው፤ እየተበላሸ ያለው ግን እሱ ነው።»

ከማን ጋር እንደምትነጋገር ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። ወባ የሚፈላበት ቆላ ሊያስዛውራት እንደሚችልም አስታወሳት። ይኼኔ ከአስተዳዳሪው መኪና የኋላ ወንበር የሴቶች ማኅበር ተጠሪዋ ወይዘሮ ይርጋነሽ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ጓድ፣ የልጄ ልጆች ሞጣ ናቸው። ይስጧት።»

አካለ ወልድ ወደ ደምለው ዞረ። «ለዛሬ አውሻችኋለሁ። ማታ ሞጣ ላይ ትመልሳላችሁ።»

አውሻችኋለሁ! የራሷን ጎማ! ቆሽቷ አረረ። ግን በረዶው አይጠብቃትምና ምራቋን ውጣ «እሺ» አለች። ይህቺ እሺ ቀኑን ሙሉ ስታንገበግባት ዋለች።

ሞጣ ሲደርሱ በረዶው ውኃ ሆኗል። ከሥር ተቀብሮ ቅዝቃዜው ያልለቀቀው መድኃኒት ከተሰለፉት ልጆች ግማሹን ብቻ አዳረሰ። ዘኪያ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ ሚስት ተራዋ ሲደርስ ጥሩአየሁ የቀሩትን ብልቃጦች ዳሰሰቻቸው። ሞቀዋል። ዘኪያ ባለፈው ሳምንት አንድ ልጇን ቀብራ የቀረውን ታቅፋ ነው የመጣችው።

«ነገ አመጣለሁ» አለቻት ጥሩአየሁ።

«እውነት ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የአካለ ወልድ ሾፌር መጣ፤ ጓድ ጎማውን ይዘህ ና ብለውታል። የደምለው ፊት ጠቆረ። ጎማው ከተፈታ ላንድሮቨሩ እዚሁ ይቀራል፤ ነገ ከቢቸና ክትባት የሚያመጣ መኪና አይኖርም። ቢሆንም መፍቻውን አንስቶ ጎንበስ አለ።

ያ ወባማ ቆላ ጥሩአየሁ ፊት ድቅን አለ። ፈርታለች።

«ተወው፣ ደምለው።»

የመኪናውን የኋላ በር ከፈተች፤ የተተረተረውን መላጣ ጎማ ጎትታ አወረደችና ሾፌሩ እግር ሥር ጣለችው።

«የጓድ ጎማ ይኸውልህ። ውሰድላቸው።»

ባዶውን የበረዶ ሳጥን መልሳ ጫነችና ደምለውን መሽቶ ከመጨለሙ በፊት ሞተሩን እንዲያስነሳ አዘዘችው።