ንፍሮ የበሉ አይጦች

፩

አይጦቹ ንፍሮ ይበሉ ነበር።

፪

ዶክተር ትርሲት ይህን የሰማችው ጋሽ ዘለቀ ጡረታ በወጡ ቀን፣ የስንብቱ ኬክ ከተቆረሰ በኋላ ነው። ጋሽ ዘለቀ የቤተ ሙከራውን አይጦች አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተንከባከቡ ሰው ናቸው። እሷ ደግሞ በእነዚያው ዓመታት ጭንቀት አንጎልን ምን እንደሚያደርገው ስታጠና የኖረች ሳይንቲስት ናት። ያስተማራትም ያስከበራትም የእነዚያ አይጦች ደም ነው።

፫
የአሠራር መመሪያ

አይጧን ጠባብ ቱቦ ውስጥ አስገቡ። ሁለት ሰዓት አታውጧት። ከዚያ አውጥታችሁ ብቻዋን አስቀምጡ። ማንም አይንካት። በየሳምንቱ ደሟን መርምሩ።

የተጨነቁት አይጦች በሃያ አንድ ቀን ይረጋጉ ነበር። ያለ ማንም እርዳታ። «አንጎል ራሱን ያክማል» የሚለው፣ ትርሲትን በየአገሩ ያስጠራት ግኝት ይኸው ነው።

፬
ንግግሩ፣ እንዳለ

ትርሲት፦ ምን አሉኝ?

ዘለቀ፦ ንፍሮ ነዋ። ስንዴና ሽንብራ። ከቤት በፌስታል ቋጥሬ እመጣ ነበር።

ትርሲት፦ ለሁሉም ይሰጡ ነበር?

ዘለቀ፦ ኧረ ለሁሉም አይደለም! ቱቦ ለገቡት ብቻ ነው እንጂ። ደህና የዋለ ንፍሮ ምን ያደርግለታል?

ትርሲት፦ ጋሽ ዘለቀ፣ እንዳይነኩ ተብሎ ተጽፎ ነበር እኮ።

ዘለቀ፦ ዶክተር፣ መቼም ሐዘን ላይ ያለ ፍጡር ጥዬ አልሄድ። ዘመድ የላቸው፣ ዕድር የላቸው። አጠገባቸው ትንሽ ቁጭ እልና ጀርባቸውን ዳበስ አድርጌ «አይዟችሁ» እላቸዋለሁ። በቃ።

ትርሲት፦ ስንት ጊዜ?

፭

ሁልጊዜ።

፮

እዚህ ላይ የሚስቅ አንባቢ አይጠፋም። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ስቄያለሁ፤ ኋላ አፈርኩ እንጂ። ስቃችሁ ስትጨርሱ ወደ ሰባት እለፉ።

፯

ከሰባት ዓመት በፊት፣ የትርሲት ታናሽ እህት ማስተዋል የስድስት ዓመት ልጇን ከቀበረች በኋላ፣ በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ፈረሰ። ሰው ግን መምጣቱን አላቋረጠም። በአራተኛው ቀን ማስተዋል ውስጥ ተኝታ ሳለ ትርሲት ደጁ ላይ ቆማ ለቀስተኛውን ሁሉ መለሰች።

«ኧረ ልጄ፣ ሐዘን እንዴት ብቻ ይቻላል?» አሉ እናታቸው።

«እማዬ፣ ይሄ ሥራዬ ነው። ሃያ አንድ ቀን ተዉአት። ራሷ ትነሳለች።»

የተማረ ሰው ሲናገር መቼም ማን ይከራከራል! ጎረቤቱ ቀረ። ዘመዱም ቀረ። ትርሲት ራሷ እንኳ በስልክ ብቻ ነበር የምትጠይቃት፤ ያውም እናታቸውን።

፰
ክትትል

በሃያ አንደኛው ቀን፦ አልተነሳችም።

በመቶኛው ቀን፦ አልተነሳችም።

ዛሬ፣ በሰባተኛው ዓመት፦ ከክፍሏ አትወጣም። ከተጠየቀችው በላይ አትመልስም።

ትርሲት ይህን ሁሉ ዓመት ጥፋቱን የምታላክከው በእህቷ አንጎል ላይ ነበር። «የእሷ ለየት ያለ ነው» ትላለች ሰው ሲጠይቃት። የእሷ ለየት ያለ አልነበረም። አይጦቹን ያዳናቸው ሰው ነው፤ እህቷ ደግሞ ሰው ተከልክላለች።

፱
ጥናት መሰረዣ ቅጽ

የተመራማሪው ስም፦ ትርሲት ሀብቴ

የሚሰረዙ ጽሑፎች ብዛት፦ አሥራ አራት

የስህተቱ ምክንያት፦ እንስሳቱ ብቻቸውን አልነበሩም

በስህተቱ የተጎዳ ሰው አለ?፦ የለም

የመጨረሻውን መልስ ሰረዘችው። ቦርሳዋን አንስታ በቀጥታ ማስተዋል ወዳለችበት ወደ እናቷ ቤት ሄደች። በመንገድ ላይ እንዴት እንዳለቀሰች ጽፌ ነበር፤ ምንም ስላልፈየደ አወጣሁት።

፲

ክፍሉ መስኮቱ ተዘግቶ ታፍኗል። ትርሲት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ለመናገር ነበር የመጣችው፤ ማስተዋል ግን ቀደመቻት።

ማስተዋል፦ እትዬ።

ትርሲት፦ ወዬ፣ እህቴ።

ማስተዋል፦ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? እውነቱን ትነግሪኛለሽ?

ትርሲት፦ እነግርሻለሁ።

ማስተዋል፦ ያኔ ልጄን የቀበርኩ ጊዜ... ሰው ሁሉ የቀረብኝ ምን አድርጌ ነው?

ትርሲት፦