ጳጉሜን የማያውቅ ማክሮ

ደክሞኛል። ይህን መጀመሪያ ልናገር፣ ኋላ ሰበብ ፈለገች እንዳትሉኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ከተቀጠርኩ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ስሜ ያምሮት ይባላል። ሥራዬ ምን እንደሆነ እናቴ እስከ ዛሬ አልገባትም፤ ለጎረቤት «የመብራት ናት» ትላለች። አንዳንድ ቀን እኔም ምነው የመብራት በሆንኩ እላለሁ። መብራት ሲጠፋ ቢያንስ ለሁሉም እኩል ነው የሚጨልመው።

በ2017 ዓ.ም የመምህራን ዝውውር በኮምፒውተር ይሠራ ተባለ። አንድ መምህር ባለበት ቦታ ስንት ዓመት፣ ስንት ወር፣ ስንት ቀን እንዳገለገለ ይቆጠራል፤ ብዙ የቆየ ይቀድማል። ይኸው ነው። በእጅ ሲሠራ ዘመድ ያለው እየቀደመ ዘመድ የሌለው እየቀረ አስቸገረ። ስለዚህ ማክሮ ጻፊ አሉኝ። ማክሮ ማለት ለኤክሴል የሚጻፍ የትእዛዝ ዝርዝር ነው፤ በደንብ ከጻፉለት አንድ ቁልፍ ሲጫኑት የሦስት ቀን ሥራ በሦስት ደቂቃ ይጨርሳል። ጻፍኩ። በእኔ ኮምፒውተር ላይ ምንም ሳይል ሠራ። አለቃዬ አቶ ቴዎፍሎስ ደስ ብሏቸው «በይ እንግዲህ ለየወረዳው በትኚው» አሉኝ።

መከራዬ ከዚያ ጀመረ። እኔ ዘንድ ያለው ኤክሴል የ2016 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ቡሬ የ2007 አላቸው። ፈረስ ቤት ያለው የ2003፣ ከኔ ቅጥር በፊት የነበረ ሽማግሌ ነው። ገበዝ ማርያም ደግሞ ሁለት ዓይነት በአንድ ማሽን ላይ ጭነው፣ የትኛው እንደሚከፈት የሚመርጠው ማሽኑ ራሱ ነው። አዲሱ የሚያውቀውን ትእዛዝ አሮጌው አያውቀውም። በአዲሱ ያስቀመጥኩትን ፋይል አሮጌው አይከፍትም። ለአሮጌው ብዬ ስጽፍ አዲሱ ይኮራል። ስልኬ ከጠዋት እስከ ማታ ሲጮህ ይውላል።

«እትዬ ያምሮት፣ ቆመ።»

«ምን ብሎ ቆመ?»

«በእንግሊዝኛ ተናግሮ ቆመ።»

«ከላይ ‹ፍቀድ› የሚል ቢጫ መስመር መጥቷል?»

«መጥቷል።»

«ታዲያ እሱን ተጫነዋ!»

«አምና በኮምፒውተር ቫይረሱ ጊዜ፣ ድንገት የመጣ ነገር አትንኩ ብለውን ነበር እኮ።»

ወይ ጉድ! ያልኩትም እኔው ነበርኩ። ኔት አንድ ቀን ቢኖር ሦስት ቀን የለም። ስለዚህ መንገድ በተከፈተ ቀን ፍላሼን በቦርሳ ይዤ፣ በሚኒባስ ታጭቄ፣ ከወረዳ ወረዳ እየዞርኩ አስተካክላለሁ። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። ቀን እስኪያልፍ ያለፋል ይባል የለ፤ የኔ ቀን ግን ማለፉን ረስቶታል።

ሰኔ ላይ ቡሬ ሄድኩ። የቡሬዋ የመረጃ ሠራተኛ ሀጂራ ትባላለች፤ አባቷ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ እሷ ደግሞ ምላሷ የአባቷ መቀስ ነው። የሐዋርያት ጾም ነበርና እህል አልቀመስኩም። ማክሮው ሰባት ጊዜ ቆመብኝ። አንዱን ስፈታ ሌላ ቦታ ይቆማል።

«ያምርዬ፣» አለችኝ ሀጂራ፣ «እናንተ ስትጾሙ እሱም ይጾማል ልበል?»

መሳቅ አቃተኝ። ስልኬ ጠራ። ከፈረስ ቤት ነው፤ «እዚህም ቆመ» አሉኝ። የት ላይ እንደቆመ እንኳ አልጠየቅኩም። ያው የቨርዥን፣ የአሮጌና የአዲስ ኤክሴል፣ ጣጣ ነው አልኩ። ዘጋሁና፣ ከማክሮው አናት ላይ አንዲት መስመር ጻፍኩ። የኮምፒውተሩን ቋንቋ ወደኛ ብንመልሰው «ስህተት ካጋጠመህ ዝለለውና ቀጥል» ማለት ነው። ማንም ባለሙያ እንዳትጻፍ ብሎ የሚያስተምራት መስመር ናት። እኔም ለሌሎች አስተምሬያለሁ።

ከዚያ ወዲያ ማክሮው የትም አልቆመም። በሽማግሌውም በወጣቱም ላይ ይሄዳል። ስልኬ ዝም አለ። አቶ ቴዎፍሎስ በስብሰባ ላይ አስጨበጨቡልኝ። እኔም ቤቴ ገብቼ ራቴን በልቼ እንደ ሰው ተኛሁ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የዝውውሩ ውጤት ተለጠፈ። ቅሬታ ያለው እስከ ዓርብ ያቅርብ ተባለ። ሐሙስ ዕለት ከደጄ አርባ ሰው ቆሟል፤ ውጪ ዝናብ ነው፤ ቢሮው ረጥቦ የመጣ ጋቢ ይሸታል፤ ፍልሰታ ነውና ሆዴ ባዶ ነው። አንዲት ቀጭን ሴት ገባች። ጫማዋን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ፣ ጭቃ የበላውን ኮንጎዋን እንደተጫማች።

«አስካለ ማርያም እባላለሁ፣ መምህርት ነኝ፤ ከፈረስ ቤት ወዲያ ሦስት ሰዓት በእግር ካለ ትምህርት ቤት» አለችኝ። «ወደ ቡሬ ነበር የጠየቅኩት። ስሜን አጣሁትና እንዲያዩልኝ ነው እትዬ።»

አየሁላት። «አራት መቶ አሥራ ሁለተኛ ነሽ።»

«ከስንት?»

«ከአራት መቶ አሥራ ሁለት።»

ወደ ማሽኑ ጎንበስ አለች። «አምና የተቀጠሩት እንኳ ይቀድሙኛል? እኔ እኮ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ አንድ ወር ነው የቀረኝ።»

«እህቴ፣ ኮምፒውተር ዘመድ የለውም። አያዳላም።»

«እኔም ዘመድ የለኝም» አለች። ከዚያ ቃሏ ተቆራረጠ። «ልጅ አለችኝ፣ ሀኒ ትባላለች፣ አምስት ዓመቷ ነው። እዚያ ሐኪም የለም፣ ሁለት ጊዜ ልትሞትብኝ ነበር፤ ቡሬ ለባሌ እናት ሰጠኋት። ባሌ የጭነት መኪና ላይ ነው፣ እሱም አይገኝ። በዓመት ሁለቴ አያታለሁ። አሁን እኔን ‹አክስቴ› ነው የምትለኝ። መስከረም ትምህርት ትጀምራለች። አስተማሪ ነኝ፣ የሰው ልጅ ሀ ሁ አስቆጥራለሁ፤ የራሴን ልጅ ሌላ ሰው እጇን ይዞ ሊወስዳት ነው።»

አዘንኩ፤ ግን ያዘንኩት እንደደከመው ሰው ነው፣ እስከ ወንበሬ ድረስ። «ውጤቱ ያው ነው፣ ለከርሞ ሞክሪ» አልኳት። የቅጥር ደብዳቤዋን ኮፒ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። «ይቺ ትቀመጥልኝ» አለችና ወጣች። በመስኮት ሳያት ባጃጅ አልያዘችም፤ ከጋሪዎቹ ኋላ ዳር ዳሩን በጭቃው ሄደች። «ቀጣይ!» አልኩ።

ሰኞ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሻይ አስመጥቼ፣ ብርጭቆውን ያቺ መምህርት በተወችው ወረቀት ላይ አስቀመጥኩ። ሳነሳው ክብ ምልክት ቀረ፤ በክቡ መሃል ቀን አለ። «ከጳጉሜን 4 ቀን 2008 ዓ.ም ጀምሮ» ይላል።

በስመ አብ አልኩ። ማክሮው ቀን የሚያነብበትን የወሮች ሰንጠረዥ ከቀድሞ የደሞዝ ፋይሌ ላይ ነበር የገለበጥኩት። ደሞዝ ደግሞ አሥራ ሁለት ወር ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጳጉሜን ደሞዝ የላትም፤ አምስቱን ቀን የምንኖረው በትዕግሥት ነው። አዲስ መምህር ግን ለመስከረም እንዲደርስ ብዙ ጊዜ ምደባው የሚጻፈው በጳጉሜን ነው። ማክሮዬ አሥራ ሦስተኛዋን ወር አያውቅም። ሰኔ ላይ ከፈረስ ቤት የተደወለልኝ ስልክ የቨርዥን ጣጣ አልነበረም። እሷ ነበረች። ማሽኑ «ይቺን ሴት ማንበብ አቃተኝ» ብሎ ሲቆም፣ እኔ ዝለላት ብዬ አፉን ዘጋሁት። ዘለላትና የዘጠኝ ዓመቷ አገልግሎት ዜሮ ሆነ።

ፈለግኩ። በጳጉሜን የተቀጠሩ አሥራ አንድ ሰዎች አሉ፤ አሥራ አንዱም ከመጨረሻ ተኮልኩለዋል። በትክክል ሲቆጠር አስካለ ማርያም ለቡሬ አንደኛ ናት። ሻዩን አልጠጣሁትም።

ወደ አቶ ቴዎፍሎስ ገባሁ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰንጠረዡንም መስመሯንም። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እሳቸውም ደክሟቸዋል።

«የቅሬታ ጊዜ ዓርብ አልቋል።»

«ሐሙስ መጥታ ነበር እኮ፤ የመለስኳት እኔ ነኝ።»

«የቡሬ ቦታ ለመምህር ስመኘው ተሰጥቷል። ቤት ተከራይቷል አሉ። አሁን እሱን ባወርድ የሚነሳውን አስቢ። ለበላይ ምን ብዬ ልጻፍ? አጨብጭበንልሽ!» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያምሮት፣ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ለከርሞ ይስተካከላል። ዘንድሮን ዝለያቸውና ቀጥዪ።»

ወጥቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። የእኔ መስመር ናት፤ ቃል በቃል የእኔ። ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን ለመናገር አፈርኩ። ለአንድ ሰዓት ያህል ልተወው ብዬ ነበር፣ አልዋሽም። ማን ያውቃል? ለከርሞ ሰንጠረዡን አስተካክላለሁ፣ ማንም አይጠይቀኝም። በኋላ ግን ያቺ ልጅ መጣችብኝ። ለከርሞ ስድስት ዓመቷ ነው። አክስቴ ማለት ይጸናባታል።

መስመሯን አጠፋኋት። በምትኳ ሌላ ጻፍኩ፤ «ማንበብ ያቃተህ ሰው ካለ ቁም፣ ስሙን ጥራ።» ይህ በሽማግሌውም በወጣቱም ኤክሴል ይሠራል፤ መቆም የማያውቅ ቨርዥን የለም። ጳጉሜንንም ወደ ሰንጠረዡ መጨመር እችል ነበር፤ ግን ውጤቱ ከጸደቀ ወዲያ ያለ ዝውውር ኮሚቴው ፈቃድ ቁጥር መንካት አልችልም። የዝውውር ደብዳቤዎቹን በየወረዳው የሚያትመው ያው ማክሮ ነው፤ ከማተሙ በፊት የሁሉንም መምህራን የቅጥር ቀን ያነባል። ያን ቀን እግዜር ሲያግዝ ኔት መጣ፤ ለሁሉም ላክሁ።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬ እንደ ድሮው ጀመረ። የመጀመሪያዋ ሀጂራ ናት።

«ያምርዬ፣ አመልሽ ተመለሰ። ቆመ።»

«ምን ብሎ?»

«ዛሬስ በአማርኛ ነው። ‹የአስካለ ማርያም የቅጥር ቀን አልተነበበም› ይላል። ልዝለላት?»

«እንዳትዘልያት! ትቁም።»

ከፈረስ ቤት ደወሉ። ከገበዝ ማርያም ደወሉ። ሁሉም ጋ አንድ ስም፤ ከአሥራ አንዱ በመዝገቡ ተራ የምትቀድመው እሷ ናት። እኩለ ቀን ሳይሆን አቶ ቴዎፍሎስ በራፌ ላይ ቆሙ፤ እሳቸውም ጋ ተደውሏል።

«አንድም ደብዳቤ አልታተመም፤ ኮሚቴው ሊቀመጥ ነው። ጥፋቱ የማን ነው ብዬ ልጻፍ?»

«የእኔ። በስሜ ይጻፉት። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም አቶ ቴዎፍሎስ።»

«ተረቱን ተይኝ» አሉና ወጡ። ጻፉትም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ የሁለት ወር ደሞዝ የሚያስከፍል ባይሆንም ዕድገቴን ያስቀራል። መምህር ስመኘው መጥቶ ጮኸብኝ፤ ቤት ተከራይቶ፣ ሚስቱን አስነስቶ። እስኪጨርስ ሰማሁት። እውነቱን ነው፤ እሱንም የበደልኩት እኔ ነኝ።

አስካለ ማርያም ስትመጣ ጳጉሜን ሁለት ሆኗል። ኮሚቴው የአሥራ አንዱንም ቆጠራ አርሞ አጽድቆ፣ የእሷ ደብዳቤ በኔ ማሽን ታትሞ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ቆሜ ሰጠኋት። «ያን ሐሙስ የመለስኩሽ እኔ ነኝ፤ በጳጉሜን ስለተቀጠርሽ የዘለልኩሽም እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ» አልኳት። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። አስተማሪ ናትና በጣቷ እየተከተለች።

«እትዬ፣» አለች፣ «ቀኑን መስከረም አንድ ቢሉልኝስ? ጳጉሜን ፈርቻለሁ።»

«አትፍሪ፣ አሁን ማክሮዬ ያውቃታል» አልኳት። ሳቀች፤ እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ። ተቀመጪ አልኳት፤ ተቀመጠችና እዚያው ቡሬ ደወለች። ስልኳ አሮጌ ነው፤ የወዲያኛው ሰው ድምፅ ለቢሮው ሁሉ ይሰማል። አማቷ እልል አሉ። ከዚያ ስልኩ ተነጠቀና የሕፃን ድምፅ መጣ።

«አክስቴ፣ ልትመጪ ነው?»

«ነገ እመጣለሁ ሀኒዬ።»

«ስንት ቀን ልትቆዪ ነው?»

አስካለ ማርያም ደብዳቤውን እንደገና ገለጠች። እኔን አየችኝ፤ ቆጣሪዋ እኔ ነኝና። አንገቴን ደፋሁ። ውጪ ዝናቡ አባርቶ የጋሪ ፈረሶች ቃጭል ይሰማል።

«አይቆጠርም እናቴ፣» አለቻት በመጨረሻ፣ «ዘንድሮ አይቆጠርም።»